የወይዘሮ ወለተማርያም ባትሪ

«አማቼ ደግ ሰው ነው፤ ክፉ ቃል አይወጣውም። ያ ፓምፑ ግን እንደ ባለቤቱ ነው፤ ድምፅ የለው፣ ሥራ የለው!»

ኢዛና ይህን የሰማው ከሥር ሆኖ ነው። ምድር ቤቱ ውስጥ ሽርጡን ወደ ላይ ሰብስቦ፣ በባዶ እግሩ ቆሞ፣ ትናንት ማታ የገባውን ውሃ በመጥረጊያ ወደ ጉድጓዱ ሲገፋ የአማቱ የወይዘሮ ወለተማርያም ድምፅ በጣሪያው ጥግ ካለችው የአየር መግቢያ ቁልቁል ወረደበት። ስልክ ላይ ናቸው። በወዲያኛው ጫፍ ያሉት ድሬዳዋ የሚኖሩት እኅታቸው እትዬ ሻሼ ናቸው፤ የእትዬ ሻሼ ጆሮ ትንሽ ደከም ስላለ ወይዘሮ ወለተማርያም ከእሳቸው ጋር ሲያወሩ ግድግዳ አያግዳቸውም። «ነገ ጠዋት በባቡር ይዣት እመጣለሁ» አሉ ቀጥለው። «እዚህ ውሃ ላይ ትውለድልኝ እንዴ? አንቺው ጋ ትወልዳለች፣ አንቺው ጋ ትታረሳለች፣ ክርስትናውም እዚያው ይሆናል። አዎ! ነገ! ነገ ነው ያልኩሽ!»

መጥረጊያው ከኢዛና እጅ ሊወድቅ ምንም አልቀረውም። ሚስቱ ሊድያ ወሯ ገብቷል፤ የመጀመሪያ ልጃቸው ነው። እሱ ጅቡቲ ወደብ ላይ የማቀዝቀዣ ኮንቴይነሮችን ኤሌክትሪክ የሚጠብቅ ሠራተኛ ነው፤ በሐምሌ ሙቀት እነዚያ ኮንቴይነሮች ለአንድ ቀን ባለቤት አጥተው ቢያድሩ የመርከብ ሙሉ ሥጋ ይገማል። ፈቃድ የሚባለውን ነገር ደግሞ ጓደኞቹ ገና በሚያዝያ ተሻምተው ወስደውታል፤ የእሱን ተራ ሳይቀር ለሚለምነው ሰው አሳልፎ ሰጥቷል፤ እምቢ ማለት አይሆንለትም። ስለዚህ ልጁ ድሬዳዋ ተወለደ ማለት፣ ኢዛና የልጁን የመጀመሪያ ለቅሶ በስልክ ሰምቶ፣ ፊቱን የሚያየው ለክርስትናው ቀን ነው ማለት ነው። ያም ቢሆን ከተፈቀደለት።

ሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ ደረጃውን በሁለት እርምጃ ወጥቶ «እማማ፣ እኔስ?» ይል ነበር። ኢዛናና አማቱ ግን እንዲህ ያለ ነገር አያውቁም። ወይዘሮ ወለተማርያም የድሮ ሰው ናቸው፤ አማት አማቿን ማክበር አለባት ብለው እንደ ልጃቸው የሚሆነውን ሰው «አቶ ኢዛና» እያሉ አንቱ ይሉታል፤ እሱም በፊታቸው እግሩን አያነባብርም፣ ቀና ብሎም አያያቸው። በአንድ ጣሪያ ሥር ሦስት ዓመት ሲኖሩ ከ«እንዴት አደሩ»ና ከ«እግዚአብሔር ይመስገን» የዘለለ ነገር በመካከላቸው ካለፈ ሊድያ አታስታውስም። «ሁለት ኤምባሲ መካከል ነው የምኖረው» ትላለች ስትስቅ። መልእክት ካለ በእሷ በኩል ነው የሚያልፈው። ኢዛናም በዚህ ነገር ቅር ብሎት አያውቅም፤ ዝም አይነቅዝም የሚል ሰው ነው። ዛሬ ግን ዝምታው ልጁን ይዞበት ሊሄድ ነው።

ሊድያ ከላይ ወገቧን ይዛ ደረጃው አፍ ላይ መጣች። «ሰማህ?» አለችው። ሰማሁ አላት በጭንቅላቱ። «እኔ መሄድ አልፈልግም፤ ታውቃለህ። ግን እማዬን ፊት ለፊት እምቢ ልላት አልችልም፤ ለኔው ብላ ነው። እስከ ማታ ፓምፑን ካዳንከው ግን እሷም የምትለው አይኖራትም። ፓምፑን አድንልኝ በቃ።» አፏን ሞልታ «አድንልኝ» ስትለው፣ ፓምፑ ታሞ የተኛ ዘመድ መሰለው።

ይህ ምድር ቤት ዋጋው የሚታወቀው በሐምሌ ነው። ቤቱን የሐዲድ ሠራተኛ የነበሩት የሊድያ አያት ከአንድ የመናዊ የቡና ነጋዴ ነው የገዙት፤ ምድር ቤቱም የቡና መጋዘን ነበር። ግድግዳው ክንድ ሙሉ ውፍረት ያለው የኮራል ድንጋይ ስለሆነ፣ ከላይ ያለው ከተማ በነፋሱ ሲጠበስ እዚህ ግን አንሶላ ያስፈልጋል። ሰው ሁሉ ሰገነት ላይ ወጥቶ በላብ ሲገላበጥ ኢዛናና ሊድያ እዚህ አልጋቸውን ዘርግተው እንደ ጌታ ይተኛሉ። የሕፃኑም ቦታ እዚሁ ተዘጋጅቷል። አንድ እንከን ብቻ አለው፤ ባሕሩ ሲሞላ ውሃ በመሬቱ ውስጥ ሰርጎ ከወለሉ በታች ይመጣል። ለዚህ ነው ኢዛና አንድ መርከበኛ ወዳጁን ለምኖ ከዱባይ ይህን ፓምፕ ያስመጣው። ጥጉ ላይ ጉድጓድ ቆፍሮ፣ ውስጡ ሁለት ፓምፕ አስቀምጦ፣ አንዱ ጅቡቲዎች ኩራን በሚሉት መብራት እንዲሠራ፣ ኩራን ሲጠፋ ደግሞ ሌላው በባትሪ እንዲነሣ አደረገ። ኩራን የሚጠፋው ሁልጊዜ ባሕሩ በሚሞላበት ሰዓት ነው የሚል እምነት ካርቲዬ ሁለት በሚባለው ሰፈራቸው ውስጥ አለ፤ እውነትም ይመስላል። ትናንት ማታም የሆነው ይኸው ነው፤ ኩራን ጠፋ፣ ባሕሩ ሞላ፣ የባትሪው ፓምፕ ግን አልተነሣም።

ኢዛና መጥረጊያውን ግድግዳው ላይ አስደግፎ መሣሪያውን አወጣ። በመጀመሪያ ሶኬቱን አየ፤ ደኅና ነው። ባትሪውን የሚሞላው ሣጥን አረንጓዴ መብራቱን አብርቶ ምንም እንዳልሆነ ሰው ያየዋል። የኩራኑን ገመድ ነቀለና ከጉድጓዱ ውስጥ ያለችውን ተንሳፋፊ ኳስ በእጁ ወደ ላይ ሳብ አደረጋት፤ ውሃ መጣ ብላ ፓምፑን የምትቀሰቅስ እሷ ናት። የባትሪው ፓምፕ አንዴ «እም» አለና ዝም። ደግሞ ሞከረ። «እም።» እንግዲህ ፓምፑ ለመሥራት ይፈልጋል፤ የሚመግበው ነው የጠፋው። መለኪያውን ባትሪው ላይ አደረገ፤ ሥራ ሳይሰጡት ሙሉ ነኝ ይላል፤ ፓምፑን ሲያሸክሙት ግን ወዲያው ይዝላል። ዓመት ያልሞላው ባትሪ ነው። እንደዚህ ያለ ነገር ወደብ ላይ ቢያይ ኖሮ «ጥሩ ጠዋት ነው» ይል ነበር፤ እንቆቅልሽ ይወዳል።

ከዚያ የባትሪውን ክዳኖች አንድ በአንድ ፈታ። ውሃው አፍ እስከ አፉ ሞልቷል። ኢዛና ይህንን አልሞላም፤ የባትሪ ውሃ ገዝቼ እሞላለሁ እያለ የሌሊት ተረኛ ሆኖ ሳይመቸው ቀርቷል። ደግሞ የሞላው ውሃ መልኩ ሌላ ነው፤ ክዳኖቹ ሥር ሻይ የነካው የመሰለ ቀላ ያለ ነገር ይዟል። ይህ ብረት ነው። ብረት ያለበት ውሃ የጠጣ ባትሪ ደግሞ ቻርጅ ሲያደርጉት ይውላል እንጂ አይጠግብም። ማን ነው የጨመረው? ሊድያ ማጎንበስ ካቆመች ሁለት ወሯ ነው። ኢዛና ዙሪያውን ሲያይ ከሣጥኑ ጀርባ አንዲት ሰማያዊ የሃይላንድ ክዳን ወድቃ አገኘ፤ በላይዋ በእስክሪብቶ መስቀል ተሥሎባታል።

አወቀ። እትዬ ሻሼ ባለፈው ጾም ከገጠር ማርያም ያመጡት ጸበል ነው፤ በመስቀል ምልክት የተደረገባቸው ጠርሙሶች ከወይዘሮ ወለተማርያም አልጋ ራስጌ ተደርድረዋል። ኢዛና እርጥቡ ወለል ላይ ቁጭ ብሎ ሽርጡን አፉ ውስጥ ጨምሮ እንባው እስኪመጣ ሳቀ። ባትሪያቸው ተጠምቋል። ሳቁ ሲበርድለት ግን ነገሩ የማያስቅ መሆኑ ገባው፤ አማቱን «ጸበልዎ ነው የገደለው» የሚል አፍ ከየት ይመጣል? እንኳን እሱ፣ ሊድያም አትደፍረውም።

ባትሪውን በኩርቱ ፌስታል ጠቅልሎ ታክሲ ላይ ጫነና ወደ ማዕከላዊ ገበያ ገሠገሠ። መገስገሱ ያለ ምክንያት አይደለም፤ ጫት የጫነው መኪና ከኢትዮጵያ ከደረሰ በኋላ ጅቡቲ ውስጥ ባትሪ ቀርቶ ክብሪት የሚሸጥ ሰው ማግኘት መከራ ነው። የባትሪ ነጋዴው ሙሐመድአሚን ድሬዳዋ ተወልዶ ያደገ፣ አማርኛን ከኢዛና ይልቅ የሚያጣጥም፣ ሆዱ ከሱቁ ባንኮኒ በላይ የተዘረጋ ሰው ነው። ባትሪውን ሲያይ ፊቱ ተለወጠ። «ይሄ የኔ ባትሪ ነው» አለ። «የኔ ባትሪ ዓመት ሳይሞላው አይሞትም፤ ስሜ ነው። ምን አጠጣኸው?»

«ውሃ ነዋ።»

«የምን ውሃ?»

«ውሃ ነው ወንድሜ፤ ውሃ አታውቅም?»

ሙሐመድአሚን ክዳኑን ፈቶ አየ፤ አሸተተ፤ ኢዛናን አየ፤ ኢዛና ማዶ ያለውን የጎማ መሸጫ አየ። «ማነህ፣ አማትህ ጋ አይደለም የምትኖረው?» አለ ሰውየው ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ጸበል ነው?» የኢዛና ጆሮ ቀላ። ሙሐመድአሚን ባንኮኒውን በመዳፉ እየመታ ሳቀ። «አይዞህ! የኔ እናት፣ አላህ ይማራት፣ ከሐጅ ስትመለስ የአባቴ ቶዮታ ይግል ነበርና ራዲያተሩ ውስጥ የመካ ዘምዘም ጨመረችበት።»

«ዳነ?»

«ፈላ። በበረካ ፈላ!»

ዋስትናው ጸበልን አይጨምርም ብሎ ቢከራከርም ሙሐመድአሚን አዲሱን ባትሪ በግማሽ ዋጋ ሰጠው፤ ሁለት ጠርሙስ የባትሪ ውሃም በነጻ ጨመረበት። አልፎ ተርፎ የራሱን መኪና አስነሥቶ፣ «ቤትህ መንገዴ ላይ ነው፤ ጫቱ ሳይደርስ አድርሼህ እመለሳለሁ» አለው። ኢዛና ደስ አለው፤ ግን ሰውየው ምላሱን አያስርም፤ ያ ነው ያስፈራው። የፈራው ደርሶ ባትሪውን ደረጃ ለደረጃ ሲያወርዱ ወይዘሮ ወለተማርያም ነጭ ነጠላቸውን አጣፍተው ከላይ ብቅ አሉ። ሰላምታ ከተለዋወጡ በኋላ ለኢዛና ሳይሆን ለነጋዴው፣ «ምን ነክቶት ነው የሞተው ልጄ?» አሉት።

ሙሐመድአሚን አፉን ከፈተ። ኢዛና ቀደመው። «የኔ ጥፋት ነው እማማ። በጊዜው ውሃ ሳልሞላለት ቀርቼ ነው።» ነገሩ ውሸትም አልነበረ፤ እሱ በጊዜው ቢሞላ ኖሮ ማንም አይጨምርበትም ነበር። ሙሐመድአሚን አንዴ አማቲቱን፣ አንዴ አማቹን አየና ሳቁን በሳል አሳልፎ ዋጠው። ወይዘሮ ወለተማርያም የነጠላቸውን ጫፍ ጣታቸው ላይ ጠቀለሉት፣ ፈቱት፣ እንደገና ጠቀለሉት፣ ከዚያ ወደ ጓዳ ገቡ።

አዲሱ ባትሪ ታሰረ። ኩራኑ ተነቀለ፤ አንድ ባልዲ ውሃ ጉድጓዱ ውስጥ ተገለበጠ። ፓምፑ አልተነሣም። ሙሐመድአሚን ሰዓቱን ያያል፤ ጫቱ ደርሷል፤ ከመንገድ የጫት ሻጮቹ ሴቶች ጥሪ ይሰማል። ኢዛና ጉድጓዱ አፍ ላይ በሆዱ ተኝቶ ክንዱን እስከ ትከሻው ከተተና ኳሷን ዳበሳት። ትናንት ውሃው ሲገባ የምንጣፉ ዘርፍ ተበጥሶ ኖሯል፤ በኳሷ አንገት ላይ ተጠምጥሞ ከታች አስሯታል፤ ጠዋት በጉልበት ሲስባት አላስተዋለውም። ክሩን በጣቱ ፈልቅቆ አወጣው። ኳሷ ዘለለች፤ የባትሪው ፓምፕ አንዴ አጉረምርሞ ተነሣ፤ ውሃው በቧንቧው እየተንጎራጎረ ወደ ውጭ ሄደ። ሙሐመድአሚን ትከሻውን መትቶት እየሮጠ ወጣ። ሊድያ ከላይ አጨበጨበች።

ወይዘሮ ወለተማርያም ግን አላጨበጨቡም። «ሶኬት ነቅሎ ማሳየትማ ማንም ያሳያል» አሉ ለልጃቸው፣ ኢዛና እንዲሰማ። «ኩራኑ በራሱ ሲጠፋ፣ ባሕሩ በራሱ ሲመጣ ነው የማምነው። ካልሆነ ነገ ጠዋት መንገድ ነው።»

እንግዲህ ተጠባበቁ። ሐምሌን ሙሉ በየቀኑ ሲጠፋ የኖረ ኩራን በዚያን ቀን ሞልቶ ተትረፍርፎ ዋለ። የሳሎኑ ማራገቢያ ያለ ዕረፍት ሲሽከረከር ሦስቱም አንጋጠው ያዩታል። ዘጠኝ ሰዓት ሆነ፣ ዐሥር ሆነ። ጎረቤቱ ሁሉ ደስ ብሎት ቴሌቪዥኑን ከፍቷል። «ኩራን እንዲጠፋ የሚለምን ቤት በጅቡቲ የኛ ብቻ ነው» አለች ሊድያ፤ ካውያውን፣ ልብስ ማጠቢያውን፣ ምድጃውን አንድ ላይ ሰክታ ልታጠፋው ስትሞክር ኢዛና በልመና አስተዋት፤ እንደዚያ ቢጠፋ እማማ አይቀበሉትም። ባሕሩ ግን ሰዓቱን አልረሳም። ዐሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን ኢዛና ምድር ቤት ወርዶ ጉድጓዱ አጠገብ ቁጭ አለ። የኩራኑ ፓምፕ በየጥቂት ደቂቃው እየተነሣ ውሃውን ይገፋል። አሁን ካልጠፋ ባሕሩ ይሸሻል፤ ባሕሩ ከሸሸ ነገ ባቡር ነው።

የእግር ኮቴ ሰማ። ወይዘሮ ወለተማርያም ናቸው፤ ነጠላ ጫማቸውን ከላይ አውልቀው፣ ግድግዳውን እየደገፉ ወደ ታች ይወርዳሉ። ኢዛና ደንግጦ ብድግ አለ። እሳቸው የመጨረሻው ደረጃ ላይ ተቀመጡ። አንገታቸውን አስግገው አዲሱን ባትሪ አዩት።

«አቶ ኢዛና» አሉ በመጨረሻ። «የዚያኛው ውሃ ቀልቶ ነበር ወይ?»

ኢዛና መጥረጊያውን አንሥቶ ደረቁን ወለል ይጠርግ ጀመር።

«እኔ ነኝ» አሉ። «ያ ሣጥን ሲጮህ፣ እርስዎ ሥራ ላይ ሲሆኑ፣ ውሃ ጎደለኝ ማለቱ እንደሆነ ሊድያ ነገረችኝ። የቧንቧችን ውሃ ጨው ነው፤ ባለቤቴ ነፍሱን ይማረውና መኪናው ላይ ሲጨምሩበት ይቆጣ ነበር። ጨው የሌለበት ውሃ በዚህ ቤት ጸበሉ ብቻ ነው። በስመ አብ ብዬ ጨመርኩለት። ወዲያው ዝም አለ! ዳነ ብዬ ምንኛ ደስ እንዳለኝ። ትናንት ሲከዳን ግን፣ ጸበል የገባበት ዕቃ እንዲህ ካደረገ ሌላ ምን ያድነዋል ብዬ ተስፋ ቆረጥኩ።» ነጠላቸውን ወደ አፋቸው አስጠጉ። «እርስዎ ተረኛ ነበሩ፤ ወርጄ ልጄን ሳያት ውሃው አልጋዋን ከቦት፣ ምንም ሳታውቅ ተኝታለች። ከልጄ ሌላ ማን አለኝ?»

ኢዛና ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብሎ ፊታቸውን አየ። ዕድሜያቸው ከገመተው በላይ ነው። ከዚያ ሦስት ዓመት ታጥፎ የኖረው ምላሱ ሳያስበው ተፈታ። «እማማ፣ እኔም እፈራለሁ» አለ። «ልጄ ሲወለድ ሩቅ እንዳልሆን እፈራለሁ። አባቴ እኔ ስወለድ መንገድ ላይ ነበር፤ እስኪሞት ድረስ ይቆጨው ነበር። ይህን ፓምፕ ያስመጣሁት ለምድር ቤቱ ብዬ አይደለም፤ ልጄን ከዚህ የሚያስወጣ ምክንያት እንዳይኖር ብዬ ነው።»

ወይዘሮ ወለተማርያም አፋቸውን ይዘው አዩት። «ታዲያ ይህን ለምን አልነገሩኝም?»

«እርስዎስ ጸበሉን ለምን አልነገሩኝም?»

አማትና አማች ተያዩ። መጀመሪያ የሳቁት እሳቸው ናቸው፤ ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ፣ ከዚያ ድምፃቸው ወጣ፤ «ባትሪ አጠመቅሁ!» እያሉ ደረጃው ላይ ዘንበል እስኪሉ ሳቁ። ኢዛናም ከልቡ፣ ሽርጡን አፉ ውስጥ ሳይጨምር ሳቀ። በዚህ መካከል አምፖሉ ጥፍት አለ።

ከላይ ማራገቢያው እየተነፈሰ ቆመ። ከየቤቱ፣ ከየሱቁ የካርቲዬው ሰው ሁሉ አንድ ላይ «ኧረ!» ሲል ተሰማ፤ ቴሌቪዥኑም፣ የጫት ቤቱ ዘፈንም ተቋረጠ። ምድር ቤቱ ድቅድቅ ባይልም ደብዝዟል። ሁለቱ ሰዎች ትንፋሻቸውን ውጠው አደመጡ። ውሃው ከድንጋዩ ሥር ሲንጠባጠብ ይሰማል፤ የኩራኑ ፓምፕ ሞቷል። ወይዘሮ ወለተማርያም ሳያስቡት የኢዛናን ክንድ ጨበጡ። ጉድጓዱ ሞላ፤ ውሃው ወደ አፉ ተጠጋ፤ ኳሷ ቀና አለች፤ የባትሪው ፓምፕ ተነሣ። ከውጭ፣ ከግድግዳው ባሻገር፣ ውሃው ጎዳናው ላይ ፏ ብሎ ሲወርድ ተሰማ።

ወይዘሮ ወለተማርያም ደረጃውን በምን ጉልበት እንደወጡት ማንም አያውቅም። በሩን በርግደው፣ ሰው ሁሉ በሙቀት እየተማረረ ወደ ውጭ በወጣበት ሰዓት፣ ረጅም እልልታቸውን ለቀቁት። ሊድያም ሆዷን ይዛ ከኋላቸው ተቀበለች። ወዲያው ማዶ ሳምቡሳ የምትጠብሰው ናዒማ ጭልፋዋን እንደያዘች መንገዱን ተሻግራ ሮጠች፤ ከኋላዋ ሴቶች፣ ሽርጥ የታጠቁ ሽማግሌዎች፣ ሕፃናት። «ወለደች! ማሻአላህ! ወንድ ነው ሴት?» ናዒማ ጮኸች፤ ከዚያ ሊድያን ከነሆዷ ቆማ ስታያት ጭልፋዋ በአየር ላይ ቀረ።

«ገና ናት ናዒማዬ! ገና ናት!»

«ታዲያ እልልታው ለምንድን ነው?»

«ኩራን ስለ ጠፋልን!»

ሕዝቡ እርስ በርሱ ተያየ። ወይዘሮ ወለተማርያም በሙቀቱ አእምሯቸው ተነካ እንዴ የሚል ሹክሹክታ ተሰማ። እሳቸው ግን ዞር ብለው፣ እርጥብ እጁን በሽርጡ እየጠረገ ከጀርባቸው የቆመውን ሰው በክንዱ ስበው ወደ በሩ አወጡት፤ ለጎረቤቱ ሁሉ በሚሰማ ድምፅም ተናገሩ።

«ስትወልድም እዚሁ ነው የምትወልደው!» አሉ። «አባትየው ባለበት!»